ጭላዳና በግ የሚለይ መነጽር

ማክሰኞ

ጭላዳ ነበሩ። በግ አይደሉም። ጡሩምባ ነፍቼ የመንደሩን ፈረሰኞች በዚያ ብርድ አስጋለብኳቸው፤ ደርሰው ሲያዩ የጭላዳ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። አንዱ ሲመለስ፣ «አባባ፣ የነዚህን ባለቤት ማን ብለን እንቅጣው?» አለኝ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የጋራ የሣር መሬታችን፣ ጓሳው፣ ታግዷል። እገዳው እስኪነሣ በግ የሚያስገባ፣ ሣር የሚያጭድ የለም። ከኮረብታው ሆኜ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የጓሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኔ ጉዳይ ይመከራል ብሏል። ሊያወርዱኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አባተ ማታ መጣ። «ጋሼ፣ ዐይንዎ ደክሟል። ለሌላ ይተዉት» አለኝ። የጋራ በጎቻችን እንደከሱም ጨመረ። የሁሉም ሰው በግ ከስቷል አልኩት።

ረቡዕ

ጥፋቱን አገኘሁት። በአሮጌው የሩቅ መነጽር የማየው የዐይን መነጽሬን አውልቄ ነው። ማስተካከያውን ባዞር ባዞር ይደፈርሳል። የዐይን ሐኪሟ ዐይኔ መስመር ያጣምማል ብላኛለች፤ ያ ደግሞ በመዘውር አይቃናም። የዐይን መነጽሬን አድርጌ ሳይ ደግሞ የሩቅ መነጽሩ የጎማ አፍ ዐይኔን ያርቀዋል። በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው።

መለወጥ ያለበት የሩቅ መነጽሩ ነው። ጠባቂው አይደለም።

ሐሙስ

ዘመሮ ከተማ፣ ሰይድ ሱቅ። ሁለት የሩቅ መነጽር አወጣልኝ።

«አባባ፣ ይሄ ትልቁ ጨረቃን ጓሮዎ ያወርዳታል።»

«ጨረቃ ጓሳ ውስጥ በግ አታስገባም። ሌላውንም ስጠኝ።»

«መነጽርዎን ያውልቁ እንጂ!»

«አውልቄ ነው ጭላዳን በግ ያልኩት።»

ከት ብሎ ሳቀ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

ከደጁ ቆሜ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየሁ። በትልቁ አንድ የሰጎን እንቁላል ብቻ፣ ዙሪያው ጥቁር። እጄ ሲንቀጠቀጥ እሱም ይጠፋል። የትንሹ የጎማ አፍ ሲጠመዘዝ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። መነጽሬን ሳላወልቅ አስጠጋሁት። ጉልላቱ ሙሉውን፣ ቆርቆሮው፣ መስቀሉ ላይ ያረፈችው ርግብ። የቀኝ ዐይኔ ሰነፍ ስለሆነ የሱን ለብቻው አስተካከልኩ። ትንሹን ወሰድኩ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ጉም። ምንም አላየሁም።

ስወርድ አባተ መንገድ ላይ አገኘኝ። አንገቴ ላይ ያለውን አየ፤ ምንድን ነው አላለም። «አሁን ጡሩምባ ቢነፉስ ማን ይመጣል ጋሼ?» አለኝ። እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።

ቅዳሜ

ጉሙ ተገፈፈ። በታገደው ሸለቆ ውስጥ መንጋ አለ። ጡሩምባውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ዛሬም ጭላዳ ከሆነ አለቀልኝ።

የጎማውን አፍ አሰመጥኩ፣ ከመነጽሬ አጣብቄ አየሁ። ጭላዳ ቁጭ ብሎ ይበላል። እነዚህ ቆመው ይግጣሉ። በግ ናቸው። ቀጥሎ ግራ ቀንዱ የተሰበረው አውራ በግ ታየኝ። የእኛ ነው። ከኋላው አባተ በትሩን ተደግፎ ወደ ኮረብታው ያያል። አልተደበቀም።

ጭላዳ ነው ብል ዛሬ ሁሉም ያምነኛል።

ነፋሁ። ከታች ምንም የለም። ደግሜ ነፋሁ። አባተ ንቅንቅ አላለም።

ይህን የምጽፈው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ፈረስ ብቻ ከመንደር ወጥቷል። በአዲሱ መነጽር የጋላቢው ፊት ይለያል፤ እየሳቀ ነው።

ይሳቅ። ብቻ ይምጣ።