በገዛ አፌ

ግንቦት 12

ውሃ በስምንተኛው ቀን መጣ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጀሪካን ስሞላ ወገቤ ሊበጠስ… ኒቆዲሞስ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ባሌን እወደዋለሁ፤ ጀሪካን ግን አይታየውም።

ቀኑን ሙሉ ስልጠና። «ሴቶች ወደ አመራር» የሚል ባነር፣ ከየትምህርት ቤቱ የተሰበሰብን ሃያ ሁለት ሴቶች። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ጥሩ ጫማ አድርጋለች። «በዚህ ዓመት የሠራችሁትን ሦስት ነገር ጻፉ» አለች። ጻፍኩ። አጠገቤ መጥታ አነበበችና ሳቀች። «‹አደረግን፣ አስተካከልን፣ አስመዘገብን› ትያለሽ… እነማን ናችሁ?»

ወረቀቴን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ አንዱ አስተባባሪ መጣና «ሮማኔ፣ አንቺ ምክትል ዳይሬክተርም አይደለሽ፣ የምሳውን ነገር አንዴ ብታይልን?» አለኝ። አየሁላቸው። ስለ ውሳኔ ሰጪነት ሲወራ እኔ ጓዳ ውስጥ የታሸገ ውሃ ስቆጥር ነበር። ሰርተፊኬቱን ግን ሰጥተውኛል።

ግንቦት 27

ዳይሬክተራችን ጋሽ እንደሻው ሐምሌ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። የዳይሬክተርነቱ ማስታወቂያ ዛሬ ተለጠፈ። የጽሑፍ ፈተና፣ የሥራ ልምድ፣ የሥራ ባልደረቦች ግምገማ። እስካሁን የተመዘገብነው ሁለት ነን። እኔ እና የሳይንስ ክፍሉ ተጠሪ ናትናኤል። እሱ እዚህ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ምክትል ከሆንኩ ብቻ ስድስት።

«ቦታው ያንቺ ነው፣ ማን ይነካብሻል» አሉኝ ጋሼ። አምስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ምክትል ያደረጉኝም እሳቸው።

እፈልገዋለሁ። እዚህ ልጻፈው እንጂ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለኒቆም ጭምር። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ይሄ ካመለጠኝ ሌላው እስኪከፈት ፀጉሬ ይነጣል። ደግሞስ የዳይሬክተሩን ሥራ ማን ሲሠራው ኖረና?

ሰኔ 16

ምን ነካኝ? ምን ነካኝ ዛሬ?

ግምገማው ነበር። እንደወትሮው ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ መጀመሪያ የራሱን ድክመት ይናገራል፤ ግለ ሂስ። ናትናኤል ተነሳና «የእኔ ድክመት ሥራ ስለማበዛ ቤተሰቤን መበደሌ ነው» አለ። ተሳቀ። እንዲህም ዓይነት ድክመት አለ ለካ!

እኔ ስነሳ ከትምህርት ቢሮ የመጣው ሰውዬ ወረቀቱን አገላበጠና «የአሥራ አራት ተማሪዎች የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ለምን ዘገየ?» አለ።

ለምን እንደዘገየ ሁሉም ያውቃል። የካቲት ላይ ጋሼ ማህተሙን ካቢኔታቸው ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው ድሬዳዋ ልጃቸው ጋ ሄዱ። እኔ ቁልፍ የለኝም፤ ማህተም ለምክትል አያምኑም። ብደውል አይነሳ፣ ብደውል አይነሳ… የምዝገባው ቀን አለፈ። ከዚያ ሦስት ቀን ቢሮው ደጃፍ ቆሜ፣ በየክፍሉ እየለመንኩ፣ የአሥራ አራቱንም ልጆች ስም አስገባሁ። ሁሉም ተፈተኑ።

ጋሼን አየኋቸው። ጫማቸውን ያያሉ። ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት…

«መከታተል ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

ልማዱን አምኜ ነው። ሰው ራሱን ሲወቅስ ሌላው ይነሳና «ኧረ እሷስ ባትኖር…» ይላል። እስኪነሱልኝ ጠበቅኩ። ማንም አልተነሳም። ጓደኛዬ ብርቱካን እንኳ አቀርቅራ ቃለ ጉባኤውን ትጽፍ ነበር። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ሲዞር ምሳ ሰዓት ስላለፈ ሳላነብ ፈረምኩ።

ሰኔ 17

ጋሼ ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጨዋ ልጅ» አሉ። ደስ አለኝ። ጅል።

ሐምሌ 4

ውጤት ተለጠፈ። ናትናኤል አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። በጽሑፍ ፈተናው በልጬዋለሁ፣ በልምድ በልጬዋለሁ። የጣለኝ ግምገማው ነው።

ቃለ ጉባኤውን አስወጥቼ አነበብኩት። «የአሥራ አራት ተማሪዎች ምዝገባ በራሷ ቸልተኝነት መስተጓጎሉን አምናለች» ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ።

ቸልተኝነት! እኔ!

ብርቱካንን መምህራን ማረፊያ ያዝኳት።

«አቦ ሮማኔ፣ ያልሽውን እኮ ነው የጻፍኩት!»

«ቸልተኝነት አልኩ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው አልሽ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው? ደግሞ አንብበሽ ፈርመሽ የለ?»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን የምታጠብበት ውሃ አልነበረም። እንደዚያው በባጃጅ ሐኪም ጋራ ቤቴ ድረስ… ባለባጃጁ ልጅ በመስታወት እያየኝ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ።

ሐምሌ 5

ለኒቆ ነገርኩት። መጀመሪያ ያለኝ «መወዳደርሽንስ መቼ ነገርሽኝ?» ነው። ቀጥሎ «ታዲያ ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው አልሽ?» ልጃችን ባርኮት ከክፍሏ ሆና ትሰማለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምን እየተማረች ይሆን ከእኔ?

እራቴን ሳልበላ ሰሃን አጠብኩ።

ሐምሌ 7

ቅሬታ ለማስገባት አሥር የሥራ ቀን አለኝ። ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃዬ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ።

ቀላድ አምባ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ተናኘወርቅ ስመው አስገቡኝ፣ ማንጎ ቆርጠው አቀረቡልኝ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ ባርኮት አወራሁ። በመጨረሻ…

«ጋሼ፣ አንዲት ወረቀት ይጻፉልኝ። ማህተሙ እርስዎ ጋ ተቆልፎ እንደነበር ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ፣ የጡረታ ደብዳቤዬ ገና ፊርማ ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍብኝ… አሁን፣ መውጫዬ ላይ?»

«ይገባኛል ጋሼ።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ሌላ ዕድል ይመጣል።»

ልጅ! ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እትዬ ማንጎ በፌስታል አስያዙኝ። መንገድ ላይ ተናደድኩ፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ አላውቅም።

ሐምሌ 9

ናትናኤል ደወለ። የመጻሕፍት ስርጭቱ ሰንጠረዥ የት እንዳለ ሊጠይቀኝ። ነገርኩት። የክፍል ድልድሉንም እኔው ልሠራለት ተስማማሁ። ስልኩን ዘግቼ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ሐምሌ 10

ምንም። ተኝቼ ዋልኩ። መነሳት አቃተኝ።

ሐምሌ 12

የባርኮትን ዩኒፎርም ላስረዝም ልብስ ሰፊዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። ጀይላን ልብስ ሰፊው ጋ። ልጁ ለይላ ከአሥራ አራቱ አንዷ ናት። የስፌት መኪናውን አቁሞ ተነሳልኝ።

«መምህርት! ለይላ ፈተናው ጥሩ ነበር ትላለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ወላሂ ያን ቀን አልረሳውም። ቢሮው ደጃፍ እኔም ነበርኩ እኮ። ሁለት ቀን ቆሜ ተስፋ ቆረጥኩ፣ ሄድኩ። አንቺ ሦስተኛውን ቀን ምሳ ሳትበይ ፀሐይ ላይ ቆመሽ… እኔ አባቷ ሄድኩ፣ አንቺ ቀረሽ።»

የሚገርመው፣ ስለዚያ ሦስት ቀን ፊት ለፊቴ ሲነገር መጀመሪያዬ ነው። እኔም ለራሴ ተናግሬው አላውቅም። «ኧረ ሥራዬ ነው» ልል ነበር፤ ተውኩት። ሴንቲሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ግራ ገብቶት ያየኛል። ዩኒፎርሙን ጥዬ ወጣሁ።

ሐምሌ 16

ቅሬታዬን ትምህርት ቢሮ አስገባሁ። ሁለት ገጽ። የጋሼን ስም ጽፌዋለሁ። ሦስቴ ገለበጥኩት። ጸሐፊዋ ተቀብላ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

አይደለሁም።

ነሐሴ 1

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ፊት ተጠራን። ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ። ሰብሳቢው አቶ ወልደሚካኤል የሚባሉ ናቸው። ጋሼ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ፤ አላዩኝም።

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አምነሽ ፈርመሽ አሁን ምን ተገኘ?»

«አላመንኩም። ዋሸሁ። ጋሽ እንደሻውን ላለማሳፈር ብዬ በገዛ አፌ ዋሸሁ።»

ይህን ቃል ማን እንዳናገረኝ እንጃ። ውሸታም መሆኔን ለማስረዳት አመለከትኩ ማለት ነው… አቶ ወልደሚካኤል ወደ ጋሼ ዞሩ።

«አቶ እንደሻው፣ ማህተሙ የት ነበር?»

ጋሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«ብዙ ጊዜ ሆኖታል… አላስታውስም።»

«አምስት ወሩ ነው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «የካቲት 11 ቢሮ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። 12 የተመለስኩት እኔ። 13 አሥራ አራቱንም ያስመዘገብኩት እኔ። ይጻፍልኝ። ከመፈረሜ በፊትም አነበዋለሁ።»

አነበብኩት። ሁለት ቦታ «እንዲህ አላልኩም» ብዬ አስቀየርኩ። ሰዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ስጨርስ ጋሼ ሄደዋል።

ነሐሴ 8

ፍልሰታ ነው። መድኃኔዓለም ለቅዳሴ ሄድኩ። እትዬ ተናኘወርቅ ከፊቴ ቆመዋል። ሲወጡ ልስማቸው ጠጋ አልኩ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሰውዬውን በቁሙ ገደልሽው» አሉኝ። ሰው ሰማ። ብርቱካንም ሰማች፤ ወደ ሌላ ዞረች።

ፈረስ መጋላ ድረስ በእግሬ ወረድኩ፣ መልሼ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ስለ አንድ ወንበር ብዬ አባቴን ያህል ሰው… እግዚአብሔር ሆይ፣ ትክክል ከሆንኩ ለምን እንዲህ ያመኛል?

ነሐሴ 18

መልሱ መጣ። የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይሻርም። ናትናኤል ይሾማል። በቃ።

ሁለተኛ ስለወጣሁ ግን በተጠባባቂነት ተይዣለሁ፤ ከከተማው ውጭ፣ ሶፊ፣ ዳይሬክተር የሌለው ትምህርት ቤት አለ። ዘጠኝ መምህራን። የመጨረሻው ዳይሬክተር ሚያዝያ ላይ ትቶት ሄደ። ለምን እንደሄደ የሚነግረኝ ጠፋ። ማንም አላመለከተበትም። በሦስት ቀን መልስ ስጪ ይላል።

ሹመት ነው ወይስ ከዓይናችን ጥፊ?

ነሐሴ 20

ኒቆ «ሶፊ? በየቀኑ እዚያ ተመላልሰሽ? ማን ሊያመሰግንሽ?» አለ። ብርቱካን በሰው «እዚሁ ብትቀመጪ ይሻላል፣ ናትናኤልም ያከብርሻል» ብላ ላከችብኝ። ባርኮት እራት ላይ «ውሃ ሲመጣ ጀሪካኑን እኔና አባዬ እንሞላለን» አለች። ኒቆ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

እፈራለሁ። ዘጠኙ መምህራን ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ? ብወድቅስ? እዚያ ደግሞ ከኋላዬ የሚደበቅ ጋሼ የለም፣ እኔም ከኋላው የምደበቀው የለኝም።

ነሐሴ 21

«ተቀብያለሁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ነሐሴ 25

እትዬ ተናኘወርቅ ደወሉ። ጋሼ ግፊታቸው ተነስቶ ተኝተዋል። «መጥተሽ ይቅርታ ጠይቂው። ሌላ ምንም አልልሽም» አሉ።

ሄድኩ። አልጋው ላይ አንሰዋል። ጺማቸው አልተላጨም፤ እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያቺን ቃል ይጠብቃሉ።

«ነገ ሶፊ እሄዳለሁ ጋሼ። ዳይሬክተር ሆኜ።»

«ሰማሁ» አሉ። ከዚያ እትዬን «እስቲ ውሃ» ብለው ላኳቸው። ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቁ።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስትደውይ ስልኩን አየው ነበር… እያየሁት አላነሳሁም። ከልጅ ልጄ ጋር እየተጫወትኩ ነበር፣ ነገ ይደርሳል ብዬ። ሁሉንም አስታውሳለሁ።»

ቅሬታው ከተዘጋ፣ ደብዳቤያቸው ከተፈረመ በኋላ… ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ።

«ሮማኔ፣ ይቅር በይኝ።»

ድሮ ቢሆን ቃሉን ሳይጨርሱት ጉልበታቸው ላይ ነበርኩ። አሳዘኑኝ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። እነዚህ እጆች ናቸው ብዕር አያያዝ ያስተማሩኝ።

«ገና አልቻልኩም ጋሼ» አልኩ። «ስችል መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ውሃውን ይዘው ገቡና ሁለታችንንም አዩን። ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው፣ ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ። የሶፊ መኪና ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይነሳል።