የሆዴ ነገር

ጥቅምት 4 ቀን 1931
ጥጥ ስፈትል ዋልኩ። ጎረቤቴ የብርጓል መጥታ ሆዴን አየችና፣ «ወለተ ኪዳን፣ ደብቀሽን ኖሯል? ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለች። ሳቅሁ። ለምን ዝም አልኩ? ከፋሲካ ወዲህ እንዳበጠ ነው... ደሙም አልቀረም።

ጥቅምት 5
ለባሌ ለድረስ ነግራዋለች። ልጃችን አበረ በጫካ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ከሞተ ወዲህ ባሌ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። ለበሬዎቹ ሳይቀር ያወራል። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ጥቅምት 16
ደሙ መጣ። ዘጠኝ ቀን ሊፈስ... የረጋ ደም፣ ወገብ የሚሰብር ቁርጠት። ጨርቁን ወንዝ ወርጄ ብቻዬን አጠብኩ። ድሮ ከእናቴ ጋር እዚሁ በእንዶድ እናጥብ ነበር። እሷም ወገቧን ይዛ ትቀመጣለች። «ምን ሆንሽ እማ?» ስላት፣ «ስታድጊ ታውቂዋለሽ» ብላ ታንጎራጉራለች። ድምጿ ናፈቀኝ።

ኅዳር 2
አሞሌ ጨው ልገዛ ነው ብዬ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ ገባሁ... የልጄ ገዳዮች ወገን። እጁ ሲነካኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጅ አይደለም፣ እናቴ። የማሕፀንዎ የውስጥ ልባስ ወደ ማሕፀኑ ሥጋ ዘልቆ በቅሏል። በየወሩ እዚያም ይደማል፤ መውጫ ስለሌለው ያብጣል፣ ያማል» አለኝ። ከምን መጣ ብዬ ጠየቅሁት። በደንብ አይታወቅም አለ፤ ወልደው ወደ አርባ የተጠጉት ላይ ይበዛል። የወር አበባ ሲቆም ይቀንሳል። እርግማን አይደለም።
መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። ለካ እኔም ልጅ ነው ብዬ አምኜ ኖሯል።

ኅዳር 17
ደሙ ከመጣ ሦስተኛ ቀኔ። ኅዳር ማርያም አራት ቀን ቀራት። ደም ያለባት ሴት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። ውጭ ብቆም እንዳላረገዝኩ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ብገባ እመቤቴን ማታለል ነው።
ልጅ ሳለሁ አባቴ መሪጌታ በዚች ቀን እጄን ይዘው ያስገቡኝ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው... ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር።
ለድረስ ልነግረው ብዬ አፌ እምቢ አለኝ።

ኅዳር 21
ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። የብርጓል አየችኝ፤ ገባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ድረስ ሊገባ ሲል ዞረ።
«ልጅ የለም፣ ድረስ። ሕመም ነው» አልኩት፣ ሰው እየሰማ።
ተመልሶ ወደ እኔ ተጠጋ። «ስንት ጊዜ ብቻሽን ታመምሽ?»
«ቁርጠቱ ከጀመረኝ ዓመት አለፈው።»
አልገባም። ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቤ ቆመ፤ ወንዶቹ እያዩት። ሰው ሲበተን ቀስ ብሎ፣ «ምትኩ ልለው ነበር» አለኝ።
እኔም ያንኑ ስም ነበር ያሰብኩት። ነገርኩት። እዚያው አብረን አለቀስን።