አክስቴን በቅርስነት ስለመዘገባችሁልኝ

ይድረስ ለክቡር የከተማችን የጥንታዊ ሆቴሎች ቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጉም ከተራራው በወረደ ቁጥር የሚያስቸግርዎ ሳል እንደለቀቀዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ጣሪያው ከማፍሰሱ በቀር ደህና ነን።

እንደሚያውቁት በዚህች ዳገት ላይ በተንጠለጠለች ከተማ ሦስት አሮጌ ሆቴሎች ነበሩ። የመጀመሪያው መንገድ ይስፋ ተብሎ ፈረሰ፤ መንገዱ እስካሁን አልሰፋም። ሁለተኛው ለጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ሕንፃ ቦታ ለመልቀቅ ፈረሰ፤ የሁለቱንም ፎቶግራፍ በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ አሳምረው ስለሰቀሉልን ውለታዎን አንረሳም። የተረፈው አያቴ የሠራው የእኛው ሆቴል ነው። እሱንም ቅርስ ብለው ስላከበሩልን ምስጋናዬ ብዙ፣ ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ የቅርስ ጣሪያ አይነካም ተብሎ መጠገን ስለተከለከልን ከሚያፈስሰው ሥር ባልዲ አስቀመጥን። መዝጋቢዎችዎም ባልዲው ላይ ቁጥር ለጠፉበት፤ ቅርስ የሚጠበቀው ከነይዘቱ ስለሆነ አሁን ሲሞላ መድፋት አይፈቀድልንም።

ሁለተኛ፣ እንግዳ አልጋችን ላይ እንዳይተኛ መከልከልዎ ተገቢ ነው፤ ሆቴልን እንደ እንግዳ የሚጎዳው ነገር የለምና።

ሦስተኛው የአክስቴ ጉዳይ ነው። አክስቴ አያቴ ካረፈ ጀምሮ መግቢያው ላይ ባለው ወንበር ተቀምጣ ቁልፍ ስትሰጥና ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። መዝጋቢዎችዎ አምና በመጡ ዕለት እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ስለነበር፣ እንዳይቀሰቅሷት ተጨንቀው፣ «ወንበር፣ ከነተቀማጯ» ብለው መዘገቧትና ቁጥሩን ሹራቧ ላይ ለጠፉላት። ስትነቃ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ከቁጥር ያስገባት አልነበረምና።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። ብርዱ ጨርሷታል፤ ቆላ ያለችው ልጇም ደረጃ የሌለው ክፍል አሰናድታ «እማዬ፣ ነይልኝ» እያለች ትለምናለች። ሻንጣዋን ይዘን ስንወጣ ግን ዘበኛዎ በር ላይ ቆሞ፣ እጅግ በትሕትና፣ «ይቅርታ እማማ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከከተማ አይወጣም» አላት። ፈቃድ ብንጠይቅ በዕድሜም በይዞታም የምትተካከላት ተቀማጭ እንድናቀርብ አዘዙን። እናቴን፣ ማለትም ታናሽ እህቷን፣ ብናቀርብ በዕድሜ ማነስ ጣሏት፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ኮርታ አላስቀምጥ ብላናለች።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልናገርና ይህ ያናድደኛል። ጉም መንገዱን ዘግቶ አልጋ ባለቀ ቁጥር የራሷን አልጋ ለሾፌሮች ለቃ እዚያው ወንበር ላይ የምታድር ሴት ነበረች። ወንበሩን ታሪክ ያለው ያደረገችው እሷ ናት። የሰው ሁሉ ማረፊያ ሆና ኖራ በእርጅናዋ ማረፊያ መከልከል ነውር ነው። ስለዚህ በቀራት ዕድሜ ከልጇ ጋር ሞቅ ብሏት ትኖር ዘንድ ከቅርስነት እንዲሰርዙልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ከወንበሩ፣ ከባልዲውና ከእናቴ ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ገና ቁጥር ያልተለጠፈበት የእህቷ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክስቴ ልጇ ዘንድ ከገባች ሰንብታለች። ያ የተከበረ ባልዲ ሞልቶ የፈሰሰ ዕለት ዘበኛዎ ጎርፉን ሲገድብ በጓሮ በር አስወጣናት፤ ስረዛውን የምለምነው ልትጠይቀን ስትመጣ ዳግም ቅርስ ሆና እንዳትቀር ነው። ባለፈው ሳምንት እርስዎ የመሩት ኮሚቴ ጎንበስ ብሎ እጅ የነሣው፣ በሪፖርቱም «ጥያቄያችንን በጥሞና አዳምጣለች፤ ይዞታዋም ከአምናው ይሻላል» ብሎ የመሰከረው፣ ወንበሯ ላይ ላስቀመጥናቸው፣ በሹራቧ ለተጠቀለሉ ሁለት ትራሶች ነበር። ትራሶቹ ሥራው ተስማምቷቸዋል፤ በጽሕፈት ቤትዎ ክፍት ወንበር ሲገኝ እንዲያስቧቸው አደራ።