ከትራስሽ ሥር የነበረው ወረቀት

ጥሩዬ ልጄ፣

ኅዳር ሚካኤል ትናንት ዋለ። ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከቡሬ በኩል የሚመጣው ነፋስ የአውድማውን እብቅ እስከ ቤት ያስገባዋል። ቤት ያለነው እኔ፣ አማትሽና ልጅሽ ነን። ከተለየሽን አርባ አንድ ቀን ሆነሽ። ልጅሽ የላም ወተት ለምዳለች፤ ስታኮርፍ አንቺን ትመስላለች።

በሣልስትሽ ማግስት መደብሽን ስጠርግ፣ ክፉ እንዳይነካሽ ከትራስሽ ሥር ካኖርነው ቢላዋ ጋር የሐኪም ቤት ወረቀት አገኘሁ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ማኅተም ስላለበት ይጠብቃታል ብላ አማትሽ ነች ያስቀመጠችው። «በቀዶ ጥገና የወለደች። በሰባተኛው ቀን ለቁስሏ ትመለስ። መግል ወይም ሽታ ከታየ ዕለቱን ትምጣ» ይላል።

በሰባተኛው ቀን ቁስልሽን ቅቤ ቀባችው። መሽተት ሲጀምር፣ አራስ ክርስትና ሳታስነሣ ደጅ አትወጣም አለች። የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ እንኳ ተኝታለች ብላ ከበር መለሰቻት። በቃሬዛ አስፋልት ድረስ ስንሮጥ ሃያ ቀን ሞልቶሽ ነበር።

ወረቀቱን ለማንም ሳልተነፍስ እስከ አርባሽ በጉያዬ ያዝኩት። ትናንት ተዝካርሽ ላይ፣ ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው እንደተቀመጠ፣ ተነሥቼ አነበብኩት። ሰው ፊት ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። አማትሽ እንድታፍር ብቻ አልነበረም የፈለግሁት፤ መሬት ተከፍታ እንድትውጣት ነው። ስንት ዓመት አንቱ ያልኳትን ሴት፣ «ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። አንቺ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር የምታነቢው፣ ሃያ ቀን ከራስጌዋ የተቀመጠው ማን ነበር?» አለችኝ።

ከፍኖተ ሰላም ገበያ በመጣ መጠቅለያ ፊደል ስለቃቅም፣ «እማ፣ ወረቀት ካየሽ እህል አትፈልጊም» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ያችን አንዲቷን ወረቀት ግን አላየኋትም፤ ቢላዋው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ብዬ ትራስሽን አላነሣሁም።

ይቅር አላልኳትም። ራሴንም።

ዛሬ ጠዋት ልጅሽን ወተት አጠጥቼ አስተኛሁ። አማትሽን ደጅ አስቀምጬ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁት። ጣቷን ይዤ «በ» ላይ አሳረፍኩና በይ አልኳት። አለች። ወደ «ሰ» ወሰድኩት። አለቀሰች። «በሰባተኛው» የሚለውን እስክትጨርስ ጣቷን አልለቀቅሁም። ነገ «ቀን» የሚለውን አስነብባታለሁ፤ እንዲህ እያልን እስከ ማኅተሙ። ልጅሽ አድጋ እናቴ በምን ሞተች ስትል፣ ሁለቱም አያቶቿ አንብበው ይነግሯታል። እስከዚያ አልረሳሽም፤ አማትሽም እንድትረሳሽ አልተዋትም።

ቢላዋውን ወደ ማድቤት መለስኩት። ወረቀቱ ጉያዬ ውስጥ ነው።

እናትሽ