ካልጠሩት የማይገባ

ጥቅምት 12
ዛሬም ስሥል ዋልኩ። ኮሚኩን፣ በሥዕል የምተርከውን መጽሐፍ፣ የሚያሳትመው አንተነህ ከአዲስ አበባ ደወለ። «መቅዲ፣ ቫምፓየርሽ አያስፈራም፤ ጥርሱን አስረዝሚው።» አስረዘምኩት። ጅብ መሰለ...
ደግሞ ሕግ አለው፤ ቫምፓየር፣ ይኼ የፈረንጅ ደም መጣጭ፣ ካልጋበዙት ደጅ አያልፍም። እኛ አገር ይኼ ምን ሕግ ነው? የመጣውን ሁሉ «ግባ፣ እንብላ» እያልን! በሳምንት ውስጥ ደብረ ማርቆስን ይጨርሳት ነበር።

ጥቅምት 15
አባቴን ከደምበጫ እዚህ ማርቆስ ሆስፒታል አመጡት። ጨጓራው ደምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በፊት ደም። የሱ ዓይነት አልቋል፣ ዘመድ ፈልጊ አሉኝ። የኔ ገጥሞ ነበር። ነርሷ ግን «ያንቺማ ለራስሽም አይበቃ» ብላ መለሰችኝ።

ጥቅምት 16
ደምበጫ ሄጄ ዘመድ ስለምን ዋልኩ። ደጅ ያስቆመኝ የለም። «ግቢ የኔ ልጅ፣ ቅመሽ።» ሆዴ እስኪወጠር በላሁ። ደም ስል ግን ወሬ ይቀይራሉ... አጎቴ አያ መሳፍንት፣ «ደሜን ሰጥቼ በምን ጉልበቴ ልረስ? ጠበል ውሰጂው» አለ። አልፈርድበትም። ግን ደከመኝ። በየቤቱ እየገባሁ ደም የምለምን... ለካ የምሥለው ራሴን ነው።
የአንድ ሰው ደጅ ብቻ አልረገጥኩም። የጎረቤታችን የእትዬ አሰገደችን። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ሰው ቡዳ ይላቸዋል። ልጅ ሆኜ እሳቸው ሲያልፉ አባቴ በጋቢው ይሸፍነኝ ነበር። ቤታችንም ገብተው አያውቁም። በምን ዓይኔ ልጠይቃቸው?

ጥቅምት 18
ደም ተገኘ።
እትዬ አሰገደች ከሕሙማኑ ክፍል በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ክንዳቸው ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ምንቸት ሊሸጡ ማርቆስ ገበያ መጥተው ወሬውን ሰሙ፤ ማንም ሳይጠራቸው ሆስፒታል ሄደው ደም ሰጡ። ገጠመ።
«ይግቡ እንጂ» አልኳቸው።
«አባትሽ ሳይጠራኝ አልገባም።»
ለአባቴ የማን ደም እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ከአልጋው ሆኖ አያቸው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አፈርኩ። «እግዜር ይማርህ» ብለው ሄዱ።

ጥቅምት 20
ኦፕራሲዮኑ ደህና አለፈ። ተመስገን። አንተነህ ደወለ። አላነሳሁም።

ኅዳር 2
አዲሱን ገጽ ለአንተነህ ላክሁለት። ቫምፓየሩ ጥርስ የለውም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደጅ ላይ ቆሟል፣ በቃ። «ይኼ ምኑ ያስፈራል?» አለኝ።

ኅዳር 9
ደምበጫ ነኝ። አባቴ ቤት ገብቷል። በሩን ከፍተን ገንፎ እንበላለን፣ አያ መሳፍንትም ሊጠይቀው መጥቷል። እትዬ አሰገደች ምንቸታቸውን አዝለው በደጅ አለፉ። አባቴ እጁን ከገንፎው መለሰ።
«አሰገደች!»
ቆሙ።
«እንብላ።»
«ብሉ፣ ይባረክ» አሉ ከመንገዱ ሆነው።
«ግቢ እንጂ!» ተቆጣ። «ደምሽ ገብቶ አንቺ ደጅ ትቀሪያለሽ?»
አያ መሳፍንት ተነስቶ ወጣ። አባቴ ቀና ብሎም አላየው።
እትዬ አሰገደች ምንቸታቸውን አወረዱ። ጎንበስ ብለው ደፉን ተሻገሩ። ከዚያ መሐል ቤት ቆመው ቀሩ... ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤታችን ሆነው፣ የት እንደሚቀመጡ አያውቁም ነበር።