ቀና አትበል

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ አርዲስ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ ነበርና ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነው። ባለቤትሽን ግሬሃምን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? በጎቹ መውለድ ጀመሩ? እዚያ ኒውዚላንድ አሁን ብርዱ የሚሰበርበት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በቆሎው ደርቆ አጨዳ እየጠበቀ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ አልከፋም። እኔም እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ በግራ በኩል ማኘክ ቢያቅተኝም። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስቴም አስቀመጥኩት። ደህና አይደለንም።

ወሬ ክንፍ አለውና ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ በሠራተኞች ቀን፣ ጎልፍ ሜዳው ስምንተኛ ጉድጓድ መነሻ ላይ፣ ሎዌልን በጎልፍ ዱላ ጆሮ ግንዱን መታሁት። አምልጦኝ አይደለም። ከኋላው ቆሜ፣ አልሜ ነው የመታሁት፤ የገዛ ታናሽ ወንድማችንን። የግራ ጆሮው ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም፤ ሐኪሙም ተመልሶ ይሰማል አላለም።

ነገሩ የተነሳው ከስልክ ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ዘንድሮ አገሩ በሙሉ የዱላ አሰነዛዘር ከስልክ ተማሪ ሆኗል። እህል መጋዘን የሚሠራው ኤልዶን፣ አንዱ ወጠምሻ በስልክ «ወገብህን አስቀድመህ አሽከርክር» ቢለው አሽከርክሮ ሁለት ሳምንት በሆዱ ተኛ። ሲነሳ ደግሞ ሌላው «ወገብህን ጨርሶ እንዳታንቀሳቅስ» ይለዋል። «አንተ ሰውዬ፣ ወገብህን ለማን አከራየኸው?» እያልኩ ስስቅበት ነው የከረምኩት። የስልክ ምክር የሞኝ ነው፣ አሰነዛዘር ከአባት ይወረሳል ባይ ነበርኩ። ሰው ባይጠይቀኝም እናገር ነበር።

የአባባን አስተማሪነት ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጭንቅላቱ የተነቀለውን ያን የብረት ዱላ ይዘው ከኋላችን ይቆማሉ። ኳሷን መትተን ወዴት እንደሄደች ለማየት ቀና ስንል ብረቱ ማጅራታችን ላይ ያርፋል። «ቀና አትበል!» «ቀና አትበይ!» ሎዌልን የጀመሩት በስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ደሙ ኮሌታው ላይ ሲወርድ እማማ ነፍሷን ይማርና በወጥ ቤቱ መስኮት አየች፤ አይታም መጋረጃውን ሳበችው። እኔ የመታኋት ኳስ ስትወርድ ሳላይ ነው ያደግሁት፤ የት እንደወደቀች የምሰማው ከሌላ ሰው ነበር። አንቺ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ዱላዎችሽን የመስኖው ቦይ ውስጥ ከተሽ አውቶቡስ ተሳፈርሽ። እኔ ቀረሁ። ቀርቼም፣ እህቴ ትዕቢተኛ ናት፣ ያሳደጋትን አታከብርም ስል ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ሎዌል በኤፕሪል እኔ ቤት መጣና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። አንዲት ሴትዮ ትናገራለች፣ ከአሪዞና መሰለችኝ። «ጭንቅላታችሁን አትቸንክሩት። ደረታችሁ ሲዞር አብሮ ይዙር፤ ኳሷን ተከትላችሁ እዩአት» ትላለች። ሎዌል፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ጋሼ፣ እዩአት እኮ ነው የምትለው፤ ለካ ማየት ይቻላል» አለኝ። «ስልክ ነው እንዴ ያሳደገህ?» አልኩት። «ስልክ ቢያሳድገኝ በተሻለኝ፤ ስልክ አይማታ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቄ ግድግዳው ላይ ፈረከስኩት። ባለቤቴ ጄኒን ስብርባሪውን ጠረገች። ሎዌልም ሌላ ስልክ ገዝቶ መማሩን ቀጠለ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በጁላይ፣ ጄኒን ከተማ በሄደችበት ቀን፣ የሴትዮዋን ትምህርት ፈልጌ አገኘሁት። ከማሽን ቤቱ ጀርባ ባለው የግጦሽ ሜዳ ብቻዬን ሆኜ እንዳለችው አደረግሁ። መጀመሪያ አንገቴ እንቢ አለኝ። ከኋላዬ ማንም ሳይኖር ትከሻዬ ይሸማቀቃል፣ ዓይኔ ይጨፈናል። አሥረኛው ላይ ይሁን አሥራ አንደኛው፣ ጭንቅላቴን ለቀቅሁት። ኳሷ ሄደች፣ እትዬ። ስትወጣ አየኋት፣ ላይ ደርሳ ስትዘገይ አየኋት፣ ከሽቦው አጥር ማዶ ስትወድቅ አየኋት። በዕድሜዬ እንደዚያ አርቄ መትቼ አላውቅም። ተደሰትክ ትይኝ ይሆናል። ዱላውን የትራክተሩ መንጠቆ ላይ እስኪቆለመም ቀጠቀጥኩት፤ መዳፌ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ተንበርክኬ የበላሁትን አወጣሁ። ሴትዮዋ ልክ ከሆነች ያ ሁሉ ብረት ለምን ነበር? እኔ የቻልኩት ለጥቅማችን ነው ብዬ ነው። ጥቅም ከሌለው በከንቱ ነው የተቀጠቀጥነው ማለት ነው። ይህን ለራሴ ከምነግረው ሰው ብገድል ይቀለኝ ነበር፤ ልገድልም ምንም አልቀረኝም።

የወንድማማቾች ግጥሚያ እንደ ድሮው በሠራተኞች ቀን ነው። ሜዳችንም አልተለወጠም፤ በየጉድጓዱ ዙሪያ ሣር የለም፣ ያው ዘይት የታሸ አሸዋ ነው። አሸዋው በእግር ስለሚታመስ፣ ኳሷ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ተጋጣሚ ለተጋጣሚው የመደልደያውን ብረት ጎትቶ መንገዱን እንደሚደለድልለት ታውቂያለሽ። የተኳረፈ ሰው እንኳን ለተኳረፈው ይጎትታል። ሎዌል ከአንደኛው ጉድጓድ ጀምሮ ጎተተልኝ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ብረቱን እግሩ ሥር ወረወርኩለት። «ሴትዮህ ትጎትትልህ» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ አደረግሁ፣ ሦስተኛው ላይ የሚስቅ ጠፋ። አራተኛው ላይ ኤልዶን ክንዴን ይዞ «ቨርሊን፣ ነውር ነው፤ ወንድምህ እኮ ነው» አለኝ። «አንተ ወገብህን ያዝ» ብዬ ገፈተርኩት።

ሎዌል መንገዱን ራሱ እየደለደለ፣ ስምንተኛው መነሻ ላይ ስንደርስ በአንድ ጉድጓድ ይመራኝ ነበር። ዱላውን ከማንሳቱ በፊት ዞሮ አየኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ዛሬ አንተም ቀና በል። አባባ እዚህ የሉም እኮ» አለኝ። ለፌዝ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል፤ ያኔ እንደ ስድብ ነው የሰማሁት። ሰነዘረ። ኳሷ ተነሳች፤ እሱም ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው ያሳበደኝ። ዓይኔ ደም ለበሰ። «ቀና አትበል!» የሚል የአባባን ድምፅ ሰማሁ፤ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ማጅራቱን ነበር ያለምኩት፤ ድምፁን ሰምቶ ሲዞር ጆሮ ግንዱን አገኘው።

በጉልበቱ ወደቀ። ጆሮውን በያዘበት ጣቶቹ መሃል ደም ወረደ። እኔም ዱላውን እንደገና አነሳሁ። አዎ፣ እትዬ፣ ሁለተኛ አነሳሁ። ያዳነው የእኔ ርኅራኄ አይደለም፣ የገዛ ቡጢው ነው። ከመሬት ተፈናጥሮ አፌን ሲለኝ ሁለት ጥርሴን ተፋሁ። ተያያዝን። ሆዱን በጉልበቴ እለዋለሁ፣ ዓይኔን በአውራ ጣቱ ይጎረጉረኛል፤ ትከሻዬን ነክሶ አልለቅም አለ። ሁለት ሽበታም ሰዎች አቧራ ላይ ስንንከባለል ኤልዶን ከነታመመ ወገቡ መሃላችን ገባ፤ ክርኔ አፍንጫውን ሰበረው። ያላቀቁን አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ደረቴ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ እጄን አልሰበሰብኩም።

የሎዌል ሚስት ትሩዲ ጆሮውን በፎጣ ደግፋ መኪና ስታስገባው ወደ እኔ ዞረች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ «አማቴ ሁለት ሆኑ ማለት ነው» አለችኝ። ሸሪፉ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ሲጠይቀው ሎዌል «ወድቄ ነው» አለው። እኛ ቤት ሁልጊዜ ወድቀን ነው፤ ትምህርት ቤት ሲጠይቁንም የምንለው ይህንኑ ነበር። ሦስት ጊዜ ደጁ ሄጄ አንኳኳሁ። ትሩዲ በመስኮት ታየኛለች፣ አትከፍትም። አሁን ቤቱን ለሽያጭ አውጥቶታል። ወደ አንቺ ለመምጣት እንዳሰበ ከኤልዶን ሰማሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሐሳቤ ልለምንሽ ነበር። አንቺ ስትናገሪው ይሰማልና፣ «ወንድምህን ትተህ የት ትሄዳለህ» ብለሽ እንድታስቀሪልኝ። እሱም ከሄደ እዚህ ወንድም የምለው የለኝም። ግማሹን ጽፌ አቆምኩና እሑድ አባባን ልጠይቅ ወደ አረጋውያን ቤት ሄድኩ።

ምሳ ላይ ደረስኩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አተሩ ከማንኪያው ይረግፋል። ያበጠ አፌን አይተው «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። ወንድምህን! እንዲሉኝ፣ የፈለጉትን ወርውረው እንዲመቱኝ፣ ቢያንስ ያ ልጅ እንዴት ነው ብለው እንዲጠይቁ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ቀና ብሎ ነበር?» አሉኝ። «አዎ፣ ብሎ ነበር» አልኳቸው። እጄን ያዙና «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ።

እትዬ፣ አባታችን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ይህን አንድ ቃል ለመስማት ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቻለሁ! ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ እዚያ ከአተሩ ፊት ተቀምጬ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም የሚባለው በእኔ ደረሰ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ ጮህኩ። አንዲት ነርስ መጥታ መስኮቱን እስክታንኳኳ ድረስ ጮህኩ።

ስለዚህ የልመናውን ገጽ ቀድጄ ይህን ጻፍኩልሽ። በስልክ የሚሰጥ ምክር ይሰማል ወይስ አይሰማም ብሎ ሰዉ እዚህ አሁንም ይከራከራል። የኤልዶን ወገብ አይሰማም ይላል፣ የሎዌል ኳስ ይሰማል ትላለች። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የስልኩ ምክር ካልሆነህ ታጠፋዋለህ፤ የአባባን ምክር ግን ከአንገቴ ላይ ማጥፊያው የት እንዳለ አላገኘሁትም። ከሦስታችን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ። ትዕቢተኛ ስልሽ ለኖርኩበት ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሎዌል ከመጣ ተቀበይው፤ ወደ እኔ አትመልሺው። በቀኙ ሆነሽ አናግሪው፣ በግራው አይሰማም። ማንም ሰው ከኋላው እንዳይቆም፣ ይደነግጣል። እኔም ናፍቃችሁኝ ልምጣ ብዬ የጻፍኩ እንደሆነ፣ እትዬ፣ እንቢ በይኝ።

ግሬሃምን ሳሉን እንዲታከም ንገሪልኝ፤ ጤና ይስጥልኝ በይው። ለትልቋ ልጅሽ ለሮዊና፣ ለባሏና ለሕፃኑ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ሕፃኑን ፎቶውን ብቻ ነው የማውቀው፣ ሳሚልኝ። ለታናሿ ለብሮንም እንዲሁ። ኤልዶን ከነተሸፈነ አፍንጫው ሰላም ብሎሻል። ጄኒን ከሳምንት ወዲህ እናቷ ቤት ናት፤ ለጤናዋ ደህና ናት፤ ሰላምታዋን ራሷ ትጽፍልሽ ይሆናል። አባባ ሰላምታ እንዲልኩልሽ አልጠየቅኋቸውም።

የበደለሽ ወንድምሽ፣
ቨርሊን

ዊሎ ቤንድ፣ ነብራስካ
ሴፕቴምበር 17 ቀን 2019