እትዬ ካውያና የለመኑት ምልክት

ዛሬ ለመሸኘት የተሰበሰብንላቸው እናታችን ከደብዳቤ አመላላሽ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በጥቅምት ወር 1937 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በፊተኛው የአባታቸው የደብዳቤ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ በኋለኛው ደግሞ እናታቸው ምጥ የያዛት ሴት በላከችባቸው ጊዜ አንሥተው የሚሮጡባት ትንሽ ሻንጣ ትቀመጣለች። አባትየው የሰው ወሬ ያደርሳሉ፣ እናትየው ሰውን ራሱን ያደርሳሉ እየተባለ በሰፈሩ ይቀለድ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጸሎት ይወዱ ነበር፤ የሚለምኑትን ግን አይመርጡም። አንድ ጊዜ የሒሳብ ፈተና ቢያስፈራቸው መምህሩ እንዲታመሙ ለመኑ። መምህሩም በማግሥቱ ታመው ቀሩ። ልጅቱ ደንግጠው፣ እህል አልቀምስ ብለው፣ መምህሩ እንዲድኑ ሲያለቅሱ ሰነበቱ። መምህሩም ድነው ተመለሱና ፈተናውን ሰጡ። እናታችን ይህን ታሪክ እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲያወጉት፣ "በአንድ ሳምንት ሁለት ጸሎት ተመለሰልኝ፤ በሒሳብ ግን ወደቅሁ" ይሉ ነበር። አያይዘውም፣ እግዚአብሔር የተለመነውን ሁሉ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ በሕይወት የሚተርፍ አስተማሪ አይገኝም ነበር ይላሉ።

አባታቸው እግራቸውን ታመው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ እናታችን በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጠሩ። የሚሠሩት ከባንኮኒው ጀርባ ባለው መተኮሻ ክፍል ነበር። መስኮቱ ዘወትር በእንፋሎት ስለሚሸፈን፣ ወደ ቤቱ የሚመጣውን ሰው አስቀድመው የሚያውቁት በመልኩ ሳይሆን በአረማመዱ ነው። ሸሚዝ ሲተኩሱ ከኮሌታው ጀምረው ወደ እጅጌው ይሄዳሉ፤ ደረቱን የሚነኩት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱን የጠየቃቸው ቢኖር፣ "ሰው አይቶ የሚያመሰግነኝን ቀድሜ ከሠራሁት፣ ሌላውን ማን ይሠራልኛል?" ይሉታል። የተጨማደደ ነገር፣ ጨርቅም ሆነ ወሬ፣ ሳያቃኑ ስለማያልፉ ባልደረቦቻቸው "እትዬ ካውያ" አሏቸው፤ በዚህም ስም እስከ ዛሬ ሲጠሩ ኖረዋል።

በሃያ ዓመታቸው በቤታቸው የትዳር ነገር ይነሣ ጀመር። እናታችን በዚህ ጊዜ እጅግ ፈሩ። እግዚአብሔር ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ባል ጽፎላታል ሲባል ሰምተው ስለ ነበር፣ "ተሳስቼ የሌላ ሴት ባል ባገባስ?" የሚል ጭንቀት ያዛቸው። የአብርሃም ሎሌ ለጌታው ልጅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ፣ በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ምልክት እንደ ለመነ ያውቃሉ። እርሳቸውም በመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው እንዲህ ብለው ለመኑ፦ "ጌታ ሆይ፣ ልብሱን ሊወስድ መጥቶ፣ ሳልጠይቀው፣ ደክሞሻል አረፍ በይ የሚለኝ ሰው፣ ባሌ እርሱ ይሁን።"

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። የገቡት ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፣ ሚስታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ጥርሳቸውም አንድ በአንድ እየወለቀ ያለቀ አዛውንት ናቸው። ካፖርታቸውን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ ዘወር ብለው በእንፋሎቱ ውስጥ የቆሙትን ልጃገረድ ተመለከቱና፣ "ልጄ፣ ደክሞሻል። አረፍ በይ እንጂ" አሏቸው።

እትዬ ካውያ አረፍ ማለት ቀርቶ መተንፈስም አቃታቸው። ማታ ተንበርክከው፣ "ጌታ ሆይ፣ ዕድሜውን መጥቀስ ረስቼ ነው" ብለው እንደ ጸለዩ ራሳቸው ተናግረዋል። የለመኑትን ምልክት ሳይውል ሳያድር ተቀብለው እንቢ ማለት ድፍረት መሰላቸው፤ እሺ ማለት ደግሞ ሞት ሆነባቸው። እየከሱ ሲሄዱ ያዩ እናታቸው ምን እንደ ሆኑ አጥብቀው ጠየቁ። ነገሩን በሰሙ ጊዜ መጀመሪያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ቀጥሎም ቁጭ ብለው እንዲህ አሉ።

"አንቺ፣ የአብርሃም ሎሌ ለራሱ መሰለሽ እንዴ የለመነው? ለራሱ ቢሆን ኖሮ እንዳንቺው ይጨነቅ ነበር። ደግሞ ርብቃ ምልክቱን ሞላች ተብላ በጆንያ ተጭና አልሄደችም። ቤተሰቧ ጠርተው፣ ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽ ወይ ብለው ጠይቀዋት፣ እሄዳለሁ ብላ ነው። አንቺን እስካሁን ማን ጠየቀሽ? እኚህ ሰውዬ ደክሞሻል አሉሽ እንጂ ላግባሽ አላሉሽ!"

ምክሩ ልባቸውን ቢያረጋጋውም እጃቸውን አላረጋጋውም። አዛውንቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሱሪያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ እናታችን አረማመዳቸውን ከሩቅ ለይተው ደነገጡና ካውያውን በዚያው ሱሪ ላይ ትተው ቆሙ። ሱሪው ተቃጠለ። የቤቱ ባለቤት ተቆጥተው፣ በማግሥቱ ከአዛውንቱ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዟቸው።

በማግሥቱ በሩን የከፈተላቸው ሰው የአዛውንቱ ልጅ ነበሩ። በግቢው ውስጥ እንጨት እየላጉ የሚውሉ፣ ከቃል ይልቅ መላጊያ የሚቀናቸው አናጢ ናቸው። እንግዳዋ ሽቅብ የሆነውን መንገድ ወጥተው ማላባቸውን አዩ፤ ምንም ሳይናገሩ ገቡና ወንበር አምጥተው አስቀመጡላቸው። እናታችን ተቀመጡ፤ ይቅርታቸውንም ጠየቁ። አዛውንቱ፣ "ሱሪው እንደኔ አርጅቷል፣ መቃጠሉ መዳኑ ነው" ብለው ሳቁ። እናታችን አመስግነው ሊሄዱ ተነሡ። ወንበሩም አብሯቸው ተነሣ። አናጢው ያመጡት በዚያው ጠዋት የተጣበቀውን ነበርና ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር።

አዛውንቱ በሳቅ ወድቀው፣ "ልጄ፣ እኛ ብንለቅሽም ወንበሩ አለቅም ብሏል!" አሏቸው። አናጢው ግን አልሳቁም። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ቀሚሱ እንዳይቀደድ ጥቂት በጥቂት አላቀቁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዛውንቱ ከልጃቸው ጋር ወደ ደብዳቤ አመላላሹ ቤት ሄዱ። የልጅቱ እናት የርብቃን ነገር አስቀድመው ነግረዋቸው ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ብቻ አዛውንቱ በወላጆቻቸው ፊት ወደ ራሳቸው ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው፣ "ከዚህ ልጄ ጋር ትሄጃለሽ?" ሲሉ ጠየቁ። እትዬ ካውያም "እሄዳለሁ" አሉ። በ1958 ዓ.ም. ጋብቻቸው ተፈጸመ።

አንድ ጥያቄ ግን በልባቸው ቀረ። ቃሉን የተናገሩት አባት ናቸው፤ ያገቡት ልጁን ነው። "ምልክቱን እንደ ተጻፈው አነበብኩት ወይስ እንደሚመቸኝ አድርጌ ተኮስኩት?" ይሉ ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነገሩን ሁሉ ለባለቤታቸው ገለጡ። ባለቤታቸውም ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ "እንግዲህ እኔ ያንን ቃል ብናገር የተማርኩትን መድገሜ ነው። ጸሎትሽ ደግሞ ሳልጠይቀው ነበር የሚለው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሚስታቸው የደከሙ በመሰላቸው ቁጥር ያንን ወንበር አምጥተው ያስቀምጣሉ እንጂ ቃሉ ከአፋቸው አይወጣም። እናታችንም ለጎረቤቶቻቸው፣ "የእኔ ምልክት በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ገና መንገድ ላይ ነው" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ባለቤታቸውን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊደል ያስቆጠሩት እርሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው የጻፉት ሁሉ፣ ይህ አሁን የሚነበበው የሕይወት ታሪካቸውም ጭምር፣ የተገኘው ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ሦስት ልጆች ወለዱ። መካከለኛዋ ሴት ልጃቸው በአራት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ይዟት፣ ትኩሳቱ ሲለቃት የመስማት ችሎታዋን ይዞት ሄደ። እናታችን ለዓመታት ለመኑ፤ ጾሙ፤ ሐኪም ቤትም ከደጅ ደጅ ተመላለሱ። አልተመለሰላትም። አንዲት ጎረቤታቸው ሊያጽናኗቸው መጥተው፣ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና ተቀበይው" ቢሏቸው፣ "እትዬ፣ ፈቃዱ መሆኑን ለእርስዎ ከነገረዎ ለእኔ ለእናቷ ምነው ደበቀኝ?" ብለው መለሱላቸው። ሌላ ሰው ደግሞ እምነታቸው ስለ ጎደለ ነው ቢላቸው፣ "ለሒሳብ መምህሩ ሕመም እምነቴ ሞልቶ ነበርና ለልጄ ጎደለ?" ብለው ጠየቁት። ስለዚህ ነገር ከልባቸው ሲናገሩ ግን ቃላቸው አጭር ነበር፦ "ለምኜው አልሰጠኝም። እስካሁን እጠይቀዋለሁ። አልተጣላንም።"

ከዚያም ከልጃቸው ጋር በእጅ መነጋገርን ተማሩ። ቤቱ በሙሉ ተማረ። አዛውንቱ አያትም ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ ተማሩ፤ በእጅ ሲናገሩም እንደ አፋቸው ቃል ይውጣሉ ተብሎ ይሳቅባቸው ነበር። ልጅቱም በበኩሏ የሰውን ከንፈር አይታ ንግግሩን ማወቅ ቻለች። አድጋም ዛሬ የራሷ የልብስ ስፌት ቤት ያላት ባለሙያ ሆናለች።

እትዬ ካውያ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርተዋል። በእነዚያ ዓመታት ልብሳቸውን ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ጭንቀታቸውንም ይዘው ይመጡ ነበር። አንዲት ልጅ፣ "እትዬ፣ ሁለት ሥራ ቀርቦልኛል። የእግዚአብሔር ፈቃድ የትኛው እንደ ሆነ አላወቅሁም" አለቻቸው።

"አንቺ የትኛውን ወደድሽ?"

"እኔማ ሁለተኛውን።"

"ውሸት አለበት? የሰው እንባ አለበት?"

"ኧረ የለበትም።"

"ታዲያ ተነሺና ሥሪ! እሱ እግር የሰጠሽ ተሸክሞሽ ሊዞር ነው?"

ይህን ይበሉ እንጂ ጸሎትን አላቃለሉም። ጠዋት ካውያው እስኪግል ድረስ ያለችውን ጊዜ ለሌላ ነገር ሰጥተው አያውቁም። ምልክት ግን ከዚያች ከሃያ ዓመታቸው በኋላ ዳግመኛ አልለመኑም።

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሲዘጋ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ የልጅ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በመልካም ጤንነት ኖሩ። ባለፈው ዓመት የጉሮሮ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ሕመሙ ግን በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፃቸውን ፈጽሞ ወሰደው። ጣቶቻቸውም አብጠው በእጅ መናገር ተሳናቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉትን የምታውቅላቸው ያቺ የማትሰማው ልጃቸው ብቻ ሆነች። ከአልጋቸው ግርጌ ተቀምጣ ከንፈራቸውን እያየች፣ ለወንድሟና ለእኅቷ፣ ለአባቷም ቃላቸውን ታደርስ ነበር። ለዚህ ነው እግዚአብሔር ያደነቆራት የሚል ሰው ከመካከላችን ቢኖር፣ እትዬ ካውያ በሕይወት ቢኖሩ እንደ ሸሚዝ ይተኩሱት ነበር። ልጅቱ በዚያ ሰዓት በዚያ ስፍራ መገኘቷን ግን ቤተሰቡ ሁልጊዜ ያመሰግንበታል።

ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው እንደ ወትሮው ያንን ወንበር ከአልጋው አጠገብ አስጠግተው ተቀምጠው ነበር። እናታችን ከትራሱ ቀና ብለው፣ አጠገባቸው የቆመውን የልጅ ልጃቸውን የተጣጠፈ ኮሌታ ለማቃናት እጃቸውን ሲዘረጉ አዩዋቸው። ያን ጊዜ ባለቤታቸው ምልክቱንም፣ ጸሎቱንም፣ ለዓመታት ከዚያ ቃል መጠንቀቃቸውንም ሁሉ ረስተው፣ እጃቸውን ያዙና፣ "ደክሞሻል፣ የኔ እመቤት። አረፍ በይ" አሏቸው።

እናታችን አተኩረው አዩዋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ባለቤታቸው አልሰሙምና ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። ልጅቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ "እማዬ፣ ምነው ቸኮልክ እያለችህ ነው" ብላ በእጇ ነገረቻቸው። ቀጥላም የእናቷን ከንፈር እንደ ገና አይታ፣ "ምልክቱን በትክክል ነው ያነበብኩት ብላለች" አለች።

እትዬ ካውያ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ፣ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ካውያ በሱሪ ላይ እንዳይረሱ አደራ ያሏቸውን የሥራ ጓደኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የለመኑትን የሰጣቸው፣ ያልሰጣቸውም አምላክ፣ ድካማቸውን አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ልጄ፣ ደክሞሻል፤ አረፍ በይ" ይበልልን። አሜን።